ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ግን ምን በልቶ?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል የአገራችን ተረት። እኛ ተማሪዎች ይህን ተረት ስንጠቅስ ብዙውን ጊዜ ውሻውን ማለታችን አይደለም፤ ለእውነት ሳይሆን ለእንጀራው የሚከራከረውን ሰው፤ ጌታው በተቆጣ ቁጥር አብሮ የሚቆጣውን ባለሟል ማለታችን ነው። ዛሬ ግን ተረቱን ወደ ባለቤቱ ወደ ውሻው መልሰን አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ውሻው በበላበት እንደሚጮኽ ተነግሮናል፤ ምን በልቶ እንደሚጮኽ ግን የጠየቀ ሰው አላየንም።

አንባቢያችን ከወዲሁ እንደሚስቅ እናውቃለን። «የትምህርት ጥራት፤ የሥራ አጥነት፤ የመኝታ ቤት ጥበት የሚባል ጉዳይ ሞልቶ ሳለ እናንተ የአርት ፋኩልቲ ሰዎች ስለ ውሻ ቀለብ ትጽፋላችሁን?» የሚለው ድምፅ ገና ሳንጽፍ ተሰምቶናል። ይህን ተቃውሞ በቦታው እንመልሰዋለን። ለጊዜው የምንለምነው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የምንናገረው ከሰማነው ሳይሆን ካጠፋነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በመስከረም መጨረሻ አንድ ቡችላ ከመኝታ ቤታችን ደጃፍ ተገኘ። ማን እንዳመጣው አልታወቀም። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የበሩ ዘበኛ አይተውን «ልጆች፤ ካነሣችሁት አሳድጉት፤ ካላሳደጋችሁት አታንሡት» አሉን። እኛም አነሣነው፤ ስሙንም መቻል አልነው። ይህ ስም በኋላ እንደሚያሳፍረን ያን ጊዜ አልገባንም።

መቻልን ለማሳደግ ፍቅር አላነሰንም፤ ያነሰን ዕውቀት ነበር። ይሁን እንጂ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ዕውቀት ሲያንሰው ዝም አይልም፤ ንድፈ ሐሳብ ያወጣል። እኛም በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ንድፈ ሐሳብ አወጣን፤ ሦስቱንም የከፈለበት ውሻው ነው።

የመጀመሪያው የፍልስፍና ተማሪው ጓደኛችን ነው። «ውሻ የተኩላ ዘር ነው፤ ተኩላ ሥጋ በል ነው፤ ስለዚህ ውሻ ሥጋ ብቻ ይብላ» አለ። ሎጂኩ ያማረ ስለ ነበረ ማንም አልተቃወመም። እያዋጣን ከሉካንዳ ቁርጥራጭ ሥጋ ገዛንለት። ቡችላው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጥንት የሌለበት ሥጋ ብቻ በላ፤ እኛም ሲበላ እያየን ተደሰትን። በገና ሰሞን የፊት እግሮቹ እንደ ቀስት ጎበጡ፤ ሲነሣ ያነክስ፤ ሲነኩት ይጮኽ ጀመር።

ሁለተኛው ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ነው። «ካፌው በየቀኑ ስንት ትርፍራፊ ይደፋል፤ እኛ ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» አለ። ይህም የማይካድ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ነበረ መቻል 55ቱን ቀን አብሮን ጾመ። ሽሮውን፤ ምስር ወጡን፤ የተረፈውን ፍርፍር ሁሉ ከነሽንኩርቱና ከነበርበሬው ጠርጎ በላ። በጾሙ መጨረሻ ድዱ ነጥቶ፤ ሽንቱ ጠቁሮ፤ ከደረጃው ሥር ተኝቶ የሚውል ሆነ።

ሦስተኛው ንድፈ ሐሳብ የማንም አልነበረም፤ የሁላችንም ርኅራኄ ነው። ለፋሲካ ወደ ቤተሰብ ያልሄድን ተማሪዎች ተሰብስበን በአንድ ጓደኛችን ዘመዶች ግቢ ቅርጫ ገባን። በሬው ሲበለት ከሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ እባጭ ታየ። ሥጋውን የሚከፋፍሉት አባት «ይህ ለሰው አይሆንም፤ ጣሉት» አሉ። እኛ ደግሞ «ጾሙን አብሮን ጾሟል፤ ይፈስክ እንጂ!» ብለን ሳንባውን በጥሬው ወስደን ለመቻል ጣልንለት። ሳቅን፤ አጨበጨብን። በማግሥቱ ያው ውሻ እጃችንን ላሰን፤ እኛም በዚያው እጃችን ዳቦ ቆረስን።

ከፋሲካ በኋላ መቻል መቆም ሲያቅተው ተሸክመን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሟ እግሩን ዳሰሱ፤ ድዱን ገልጠው አዩ፤ ከዚያ «ምን ይበላል?» ብለው ጠየቁን። እኛም «ያገኘውን» አልን። «ያገኘውን የሚበላ ውሻ ባለቤት የለውም ማለት ነው» አሉ። ቀጥለውም «ልጆች፤ እንደምትወዱት ከፊታችሁ ይታያል፤ አበላላችሁ ግን የጠላት ነው» ብለው ጥፋታችንን አንድ በአንድ አስረዱን። ከዚያ ወዲህ በራሳችን ካነበብነው ጋር አስተያይተን እነሆ እንጽፋለን።

መጀመሪያ ስለ ሥጋው። ሥጋ ፕሮቲን አለው፤ ፎስፎረስም አለው፤ ካልሲየም ግን ከሌለ አይቆጠርም። በቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል። የሚያድግ ቡችላ የሚያስፈልገው ግን በተቃራኒው ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ ጋር እኩል፤ ወይም እስከ ሁለት እጥፍ የሚደርስ ምግብ ነው። ከምግቡ ያጣውን ካልሲየም ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ እየቆፈረ ያወጣዋል፤ አጥንቱም ይሳሳል፤ ይጎብጣል። ተኩላው ይህ የማይደርስበት አጥንቱንና የሆድ ዕቃውን ጨምሮ ስለሚበላ ነው። የጓደኛችን ሎጂክ ተኩላውን ሉካንዳ ቤት ወስዶ ጥሩ ሥጋ አስመረጠው፤ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር።

ደግሞም ውሻ ተኩላ መሆኑ ከቀረ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. የስዊድን ተመራማሪዎች የውሻንና የተኩላን ዘረ መል አስተያይተው፤ ውሻ እህል የሚያስፈጨውን ዘረ መል ከተኩላ እጅግ በበዛ ቅጂ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ከሰው ማዕድ አብሮ ሲበላ ሆዱ ከሰው እህል ጋር ተስማማ ማለት ነው። ስለዚህ እንጀራው፤ ሩዙ፤ ቅንጬው ለውሻ ባዕድ አይደለም። ነገር ግን ውሻ በሁሉ ነገር እንደ ሰው ነው ማለትም አይደለም። ሰው ፀሐይ ሲሞቅ ቆዳው ቪታሚን ዲ ያዘጋጅለታል፤ ውሻ ግን በበቂ መጠን አያገኝም፤ ከምግቡ መምጣት አለበት። የ13 ወር ፀሐይ አገር መሆናችን ለእኛ እንጂ ለመቻል አጥንት አልጠቀመውም።

ሁለተኛ ስለ ወጡ። ሽሮው ራሱ ክፉ አልነበረም፤ አተርና ሽምብራ ጥሩ ፕሮቲን አላቸው። ክፉው ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ ነገር አላቸው፤ ይህም ሲበስል አይጠፋም። አንድ ውሻ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ቢበላ ደሙ እንደሚጎዳ ተረጋግጧል፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ከ150 እስከ 300 ግራም ማለት ነው። በጥቂት በጥቂቱ ለብዙ ቀን ቢበላም ጉዳቱ ይጠራቀማል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይባልም፤ ዶሮ ወጥማ እንዲያውም ከሽንኩርት የሚሠራ ነው። ስለዚህ ከሰው ወገን የተረፈው ወጥ እንደ ደግነት ሲሰጥ ለውሻው ቀስ ያለ መርዝ ነው። ከዚህ ሌላ ቸኮላታ፤ ወይንና ዘቢብ፤ በተለየ ማጣፈጫ የተሠራ ስኳር የለሽ ማስቲካ ለውሻ አይሰጥም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ስለ ሳንባው ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የውሻ መሆኑ ቀርቶ የሰው ይሆናል። በሬው ሳንባ ላይ ያየነው እባጭ ሐኪሞች ሃይዳቲድ የሚሉት ነው፤ በአገራችን ቄራዎች በሚታረዱ ከብቶች ሳንባና ጉበት ላይ ዘወትር ይገኛል። በውስጡ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል እጮች አሉ። ውሻ ይህን በጥሬው ሲበላ እጮቹ በአንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናሉ፤ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜም እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። እንቁላሉ ከኩሱ ወደ ፀጉሩ፤ ከፀጉሩ ወደ እጃችን፤ ከእጃችን ወደ አፋችን ይሄዳል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ገብቶም ያው ከረጢት ያድጋል፤ ሕመም ሳያሰማ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በኋላ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ በሽታው በብዛት መገኘቱ ከተጠና ቆይቷል። እኛ ግን በሩቅ አገር እንዳለ ነገር እናስበው ነበር።

ሐኪሟ ለመቻል የትል መድኃኒት ሰጡት። እኛን ግን «እናንተ ወደ ሰው ሐኪም ሂዱ» አሉን። ሄድን፤ እስካሁን የተገኘብን ነገር የለም። የሆነ ሆኖ ከረጢቱ ቀስ ብሎ የሚያድግ መሆኑን ስላነበብን ልባችን ሙሉ በሙሉ አላረፈም። አንድ የፋሲካ ሳቅ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው አናውቅም ነበር።

ይህ ግን ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ሰው ሲያውቅ የሚቀር ነገር ነው። ለዚህ ምስክር የምንጠራው አይስላንድን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ያች በግና ውሻ የበዛባት ደሴት በዚህ በሽታ ክፉኛ ተጠቅታ ነበር። ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ነገሩን መርምሮ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1864 ዓ.ም. ለሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ ታተመች፤ በየቤቱም በነጻ ታደለች። ምክሯም ቀላል ነበረ፤ የታመመውን ሳንባና ጉበት ለውሻ አትስጡ፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በ1869 ዓ.ም. ስለ ውሾች ሕግ ወጣ። ሕዝቡ አንባቢ ስለ ነበረ አንብቦ ሠራበት፤ በሽታውም ከደሴቲቱ ጠፋ። አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ይህን ካደረገች፤ በስቴንስል የምትባዛ የተማሪዎች መጽሔት ስለ ውሻ ቀለብ ብትጽፍ ምን ያስቃል?

አሁን ወደ ተቃውሞው እንመለስ። «ሰው በሚራብበት አገር ውሻ ይቀለባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። መልሳችን ግን አጭር ነው። ከሰው አፍ ነጥቃችሁ ለውሻ ስጡ አላልንም። አንድም ሳንቲም ሳይጨመር አሁን የሚደፋው እንዲለይ፤ አሁን በጥሬው የሚጣለው እንዲቀቀል ነው የምንለው። ደግሞም ውሻውን ያነሣነው እኛ ነን። ግቢያችንን እንዲጠብቅ፤ ብቸኝነታችንን እንዲያስረሳ አነሣነው። ሥራውን ተቀብለን ቀለቡን መንሣት በየትኛው ሥነ ምግባር ይደገፋል? ከዚህም በላይ በደንብ ያልተቀለበው ውሻ የሚያመጣው ትል ድኻውን ከሀብታሙ አይለይም፤ እንዲያውም የሚብሰው በድኻው ልጅ ነው፤ ከውሻው ጋር በአንድ ግቢ አፈር ላይ የሚጫወተው እርሱ ነውና።

እንግዲህ ሚዛኑን የጠበቀ ቀለብ ማለት ምን ማለት ነው? ሐኪሟ ያስተማሩንን እንጽፋለን። ክብደቱ 15 ኪሎ የሆነ፤ ያደገና ጤነኛ ውሻ በቀን ወደ 850 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ሥራ የሚበዛበት ይጨመርለታል፤ የሚወፍረው ይቀነስለታል። ይህን ከሩዝ፤ ከቅንጬ፤ ከእንጀራ ወይም ከድንች ጋር ሥጋ፤ እንቁላል፤ ልብ ወይም በደንብ የተቀቀለ ሳንባና ጨጓራ በመደባለቅ ማግኘት ይቻላል። ጉበት በጥቂቱ ብቻ ይግባ፤ ቪታሚን ኤው ሲበዛ ይጎዳልና። ካሮት ወይም ጎመን ይቀቀልለት፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ይበልበት። ለአጥንቱ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፤ ደርቆ፤ እንደ ዱቄት ተወቅጦ ይሰጠው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይሰጣል፤ ለእንዲህ ያለው ውሻ የቀኑ ያህል ነው። ለሚያድግ ቡችላ ግን ልኩ ሌላ ስለ ሆነ ሐኪም ይጠየቅ። ሽንኩርት፤ በርበሬ፤ ቅቤ አይግባበት። ንጹሕ ውኃ ዘወትር ከፊቱ አይጥፋ።

በጾም ጊዜስ? ጾሙ የእኛ ነው፤ የውሻው አይደለም። ሥጋ ከቤት በሚጠፋበት ሰሞን ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር ወይም አተር ከእህሉ ጋር ይሰጠው፤ በየጊዜውም እንቁላል ይታከልለት። እንቁላል ለውሻ በመቀቀሉ ጾሙ የሚፈርስበት ሰው ያለ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ራሳችንንም ልናስጠነቅቅ ይገባል። አራተኛ ንድፈ ሐሳብ አውጥተን «ጨረስን» እንዳንል ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ በዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች በቤት ለሚሠራ የውሻ ምግብ የተጻፉ 200 አሠራሮችን መርምረው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ከመቶ 95ቱ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ነገር የጎደላቸው መሆኑን አግኝተዋል። ከተጻፉት ውስጥ የሐኪም እጅ የነበረባቸውም ነበሩ። እንግዲያስ ከላይ የጻፍነው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ዚንክ፤ አዮዲን፤ ቪታሚን ዲ የሚባሉት እንዳይጎድሉ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሐኪም ማየት ይገባል። በከረጢት የሚሸጠው የውጭ አገር ምግብ ሚዛኑን ሊጠብቅ ይችላል፤ ዋጋው ግን የተማሪ ኪስ አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፤ በካፌው በር ላይ ሁለት ባልዲ ይቀመጥ፤ አንዱ ወጥ የነካው፤ ሁለተኛው ወጥ ያልነካው እንጀራ፤ ዳቦና ሩዝ የሚጣልበት ይሁን። ለግቢው ውሾች የሚሰጠው ከሁለተኛው ብቻ ነው። የወጥ ቤት ሠራተኞቹም የእንቁላሉን ቅርፊት እንዳይደፉ እንለምናቸዋለን። ሁለተኛ፤ በበዓል ጊዜ ቅርጫ የሚገባ ተማሪ ሁሉ እባጭ ያየበትን ሳንባና ጉበት ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበር ወይም ያቃጥል፤ ደኅና የሚመስለውንም ቢሆን ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳያፈላ ለውሻ አይስጥ፤ ውሻውን ከነካም በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሦስተኛ፤ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዓመት አንድ ቀን ወደ ግቢያችን እንዲመጡ ማኅበሩ ይጋብዝ፤ ለውሾቹ የትል መድኃኒትና የእብደት ክትባት ይሰጥ፤ ለእኛም ትምህርት ይሰጠን። ወጪውን የኛ መኝታ ቤት በመዋጮ ለመጀመር ዝግጁ ነው።

በአማርኛ ለሰው «አብላው» እንላለን፤ ለውሻ ግን «ጣልለት» እንላለን። እኛ ቋንቋ የምናጠና ነን ባዮች ይህን ልዩነት ሳናየው ዓመት ኖርን። ጥፋታችን ሁሉ ከዚህች ቃል ይጀምራል። ሥጋውንም ጣልንለት፤ ወጡንም ጣልንለት፤ ሳንባውንም ጣልንለት፤ አንድ ቀን ግን አላበላነውም። የሚጣለው የማንፈልገው ነው፤ የሚበላው የሚያስፈልገው ነው።

መቻል ዛሬ በሕይወት አለ። ድዱ ቀልቷል፤ ይሮጣል፤ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። የፊት እግሮቹ ግን አልተቃኑም፤ ሐኪሟም አይቃኑም ብለዋል። በየጠዋቱ ወደ ክፍል ስንሄድ በነዚያ በጎበጡ እግሮቹ እስከ ደረጃው ድረስ ይሸኘናል። ጋሼ ዘበኛው ባዩት ቁጥር «ችሏል» ይላሉ። አዎን፤ መቻልስ ችሏል። እርሱ ቻለ ተብሎ ግን በሚቀጥለው መስከረም የሚመጣው ቡችላ ያንኑ መቻል የለበትም።

ከአርት ፋኩልቲ፤ የመቻል ባለቤቶች